ረቲባና ቀርፋፋው ኮምፒውተር

በግብፅዋ ጣንታ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ማስተየብ የፈለገ ተማሪ ሁሉ የሚላከው ወደ አንድ በር ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወደ ረቲባ ቤት። ረቲባ በአንድ ፈትል ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና ስትቀጠቅጥ የኖረች ሴት ናት። ስትጽፍ ዓይኗ ከረቂቁ ላይ አይነሳም። ከጎኗ ቆመው ቢያወሯት ትመልሳለች፣ እጇ ግን አያቋርጥም። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሲመጣበት በሯን ገርበብ አድርጎ «ይቺን ተመልከቱልኝማ» ይል ነበር። እሷ ቀና ሳትል ትስቃለች።

እናቷ ስትሞት ረቲባ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሽ ወንድሟ ወጊህ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባታቸው ቀደም ብሎ አልፏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁን ያበላችው፣ ያለበሰችው፣ ሲታመም አቅፋ ሐኪም ቤት የተሰለፈችው እሷ ናት። የፋብሪካው ሒሳብ ሠራተኛ ሊያገባት ጠይቋት ነበር። ጨዋ ሰው ነበር፣ እሷም ጠልታው አይደለም። «ልጁን ግን ለአጎቱ እንስጠው፤ አዲስ ጎጆ በሰው ልጅ አይጀመርም» አላት። ረቲባ ልጁን ከእጇ አላወጣችም። ሰውየው ሁለት ዓመት ጠበቀና ሌላ አገባ። ልጆቹን ይዞ መንገድ ላይ ሲያገኛት ባርኔጣውን እያነሳ ሰላም ይላት ነበር፤ እሷም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ታልፋለች።

ወጊህ ቴክኒክ ተማረ፤ ያስተማረችው እሷ ናት። የኮምፒውተር መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ሲከፍት የእናቷን አምባር ሸጣ የሰጠችውም እሷ ናት። ይህን ግን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም፣ ለእሱም ለሌላም።

ፋብሪካው ተሸጦ ሠራተኛው በጡረታ ሲሸኝ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቤት መዋል አልሆነላትም። ወጊህ ከውጭ አገር ቢሮዎች ተጥለው በመርከብ ከሚመጡት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አንዱን አምጥቶ መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ተከለላት። ዋጋውን ከጡረታዋ ላይ ከፈለችው፤ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሳጥኑ ተፋፍቋል፣ የኪቦርዱ ፊደሎች ግማሾቹ ጠፍተዋል። ረቲባ ፊደል ማየት ስለማያስፈልጋት ግድ አልሰጣትም። ኮምፒውተሩ ቢያረጅም ታዛዥ ነበር፣ ጣቷ ያለውን ወዲያው ያወጣል። አንድ ዓመት ተኩል እንዲህ ሠራች። የእርሻ ኮሌጁ፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ፣ የመምህራን ማሠልጠኛው ልጆች ሁሉ ደንበኞቿ ሆኑ። በረመዳን እንኳ ወረቀት እያቀፉ ደረጃ ላይ ይጠብቋት ነበር።

ሁለተኛው ረመዳን ሊገባ ሲል ወጊህ «አቧራ ሞልቶታል፣ ላጽዳልሽ» ብሎ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን መለሰው። ተወልውሎ፣ ሳጥኑ አብረቅርቆ ነበር። እሷም መረቀችው።

መንቀርፈፉ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እሷ ግን አንዱን ከአንዱ አላያያዘችውም፤ ማን ያያይዘዋል? ጠዋት ስታበራው ሻይዋን አፍልታ፣ ጠጥታ፣ ብርጭቆዋን አጥባ ስትመለስ ገና አልተነሳም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ስትጨርስ ስክሪኑ ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ ፊደሎቹ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ ጠብ እያሉ ይመጣሉ። መጥተው ሳያልቁ ከቀጠለች ደግሞ ድርቅ ይላል። ማውዙን ብትገፋው፣ ብትጎትተው፣ ቀስቷ ካለችበት አትነቃነቅም።

ወጊህ ዓርብ ዓርብ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለምሳ ይመጣል። ሞሎኪያ የሚባለውን የቅጠል ወጥ በዶሮ ትሠራለታለች፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው እሱን ነው።

«ወጊህ፣ እስኪ ይችን ነገር እያት። ሥራ ልታስፈታኝ ነው።»

«ምን ላድርግልሽ፤ ያገኘሽውን ሁሉ ትከፍቻለሽ። ቫይረስ ነው።»

«ከተማሪ ጽሑፍ ሌላ ምን ከፍቼ አውቃለሁ?»

«እሱን ለኮምፒውተሩ ንገሪው።» ሚስቱ ሳቀች። እሱም ዳቦውን ሞሎኪያው ውስጥ እየነከረ ቀጠለ። «ዕቃው አርጅቷል እኮ። አንቺስ ብትሆኚ እንደ ድሮሽ ነሽ?»

ረቲባም ሳቀች። ቀልድ ነው ብላ ነው።

ቀልዱ ግን ቤተሰቡ ውስጥ ሥር ሰደደ። ረቲባና ኮምፒውተር አይስማሙም ተባለ። እጇ ከብዷል፣ የጽሕፈት መኪና ነው የለመደችው፣ ኪቦርዱን ትደበድበዋለች ተባለ። ዘመድ ሲሰበሰብ ወጊህ እሷ ስትተይብ እንዴት እንደምትጠብቅ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን አስግጎ ያሳያቸዋል። ልጆቹ ይንከተከታሉ። ሁለት ዓመት ሲባል የሚሉት እውነት መሰላት። ጣቷን ቀስ አድርጋ ማሳረፍ ጀመረች፤ አንድ ቃል ትጽፍና ታቆማለች፣ ሲወጣ ታየዋለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

ሱሐይላ የምትባል የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ የጥጥ ትልን የሚመለከት ጽሑፏን ያመጣችላት በዚያ ጊዜ ነው። ሠንጠረዥ የበዛበት፣ አድካሚ ሥራ ነበር። አንድ ጊዜ አስቀምጥ ብሎ ማዘዝ ብቻ ብዙ ደቂቃ ስለሚፈጅ ረቲባ ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ትታ ነበር። ለቀናት ሳታጠፋው ሠርታ አርባ ገጽ ያህል ከጻፈች በኋላ፣ አንድ ቀን ከቀትር በፊት ኮምፒውተሩ ደረቀ። አንድ ሰዓት ጠበቀችው። ሁለት ሰዓት ጠበቀችው። በመጨረሻ ገመዱን ነቀለች። መልሳ ስታበራው አርባው ገጽ የለም።

ሱሐይላ ስትመጣ ረቲባ እውነቱን ነገረቻት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«አይዘኑ እትዬ ረቲባ» አለች፣ ረቂቋን እየሰበሰበች። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። እናቴም እንዲሁ ናት፣ ስልክ መንካት እንኳ ትፈራለች። እኔ ኮሌጁ አጠገብ ካሉት ልጆች ጋ አሠራዋለሁ።»

«ቀሪውን ልጨርስልሽ። ሌት ተቀን...»

«ይረፉ እንጂ እትዬ። ብዙ ሠርተዋል።»

የሱሐይላ ጓደኞችም መምጣት አቆሙ። ደረጃው ጭር አለ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ በህጋት በአንድ ወቅት የከተማውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሁሉ ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁን ሰባ አምስት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ረቲባ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እንዴት ነሽ ቢሏት እንባዋ መጣ። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ያ ወንድምሽ ምን ይላል?»

«አርጅቷል ይላል። እኔንም ጨምሮ።»

ጋሽ በህጋት ጢማቸውን አሻሹ። «እኔ ኮምፒውተር አልጠገንኩም። ግን ዕቃ ዕቃ ነው። የሚዘገይበት ምክንያት አምስት ነው ስድስት ነው እንጂ መቶ አይደለም። ደብተር ያዢ። አንዱን ምክንያት አንስተሽ ሞክሪ፣ የሆነውን ጻፊ። ሁለት ነገር ባንድ ቀን እንዳትነኪ፣ የቱ እንዳዳነው አታውቂም። ይኸው ካቻቪቴ።»

ረቲባ የትምህርት ቤት ደብተር ገዛች። ወጊህን አልጠየቀችም፤ ለምን እንዳልጠየቀችው ያኔ ራሷም አታውቅም። ስልኳ ላይ እየፈለገች፣ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ምክር መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እያነበበች ጀመረች።

በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ ሲበራ ሳይጠሩት አብሮ የሚነሳውን ፕሮግራም ቆጠረች። አሥራ አንድ ነበር፤ ግማሹን ምን እንደሆነ እንኳ አታውቀውም። ዘጠኙ አብረው እንዳይነሱ አደረገች። ሲነሳ ትንሽ ፈጠነ፣ ከዚያ ያው ነው። በሁለተኛው ቀን ዲስኩን አየች። አፉ ድረስ ሞልቷል፤ የወጊህ ልጆች የልደት ቪዲዮ፣ የሚስቱ እህት ሠርግ፣ ከሱቁ አምጥቶ ያራገፈባት ፊልም። የሠርጉንና የልደቱን ፍላሽ ላይ ገለበጠች፣ ፊልሙን አጠፋች። ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ቀን ቫይረስ ስታስስ ዋለች። ሁለት የማይረቡ ተገኙ፣ ተጠረጉ። ያው ነው። በአራተኛው ቀን ኤሌክትሪኩን ነቅላ፣ ብሎኖቹን ፈትታ፣ ሳጥኑን ከፈተች። ሦስት ዓመት ተኩል ስትሠራበት የኖረችውን ዕቃ ሆዱን ስታይ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ጠረገች። አንድ ረዥም ባዶ መሰኪያ አየች፣ ከጎኑ ባለው መሰኪያ ግን አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰክታለች። እንዲህ ነው የሚሠራው ብላ አለፈችው። ድምፁ ቀነሰ፣ ፍጥነቱ ግን ያው።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ በህጋት ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡላት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፣ ሻይም ጣደች። የሳጥኑ ግንባር ላይ የምትብለጨለጨውን ትንሽ መብራት ያያሉ።

«አሁን ምን ከፍተሻል?»

«ምንም። አንድ ባዶ ገጽ ብቻ።»

«ታዲያ ይቺ መብራት ለምን አታርፍም? ዲስኩ ምን ይሠራል?»

ረቲባ ጎንበስ ብላ መብራቷን አየች።

«ስሚ ልጄ። ዲስኩ ጓዳሽ ነው። ሜሞሪ የሚሉት ደግሞ መክተፊያ ጠረጴዛሽ። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ ሁሉን ዘርግተሽ ትሠሪያለሽ። ከጠበበ ሽንኩርቱን ጓዳ መልሰሽ ቲማቲሙን ታመጫለሽ፣ ቲማቲሙን መልሰሽ ሽንኩርቱን። ይኼ ዕቃ ከጓዳ ጠረጴዛ ሲሯሯጥ ነው የሚውለው። ጠረጴዛው ስንት እንደሆነ የሚነግርሽ ቦታ አለ?»

ፈልጋ አገኘችው። አንድ ጊጋ ይላል።

«ስትገዢው ስንት ነበር?»

ረቲባ ከቁም ሳጥኗ የፋብሪካ ወረቀቶቿን ያስቀመጠችበትን ፖስታ አወጣች። ወረቀት አትጥልም። የወጊህ ሱቅ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ እዚያ ነበር፣ በእሱ በራሱ እጅ ጽሑፍ። ያን ጽሑፍ ታውቀዋለች፣ እርሳስ አስይዛ ያስተማረችው እሷ ናት። «ሜሞሪ፣ ባለ ሁለት ጊጋ፣ ሁለት ፍሬ» ይላል።

ሳጥኑን እንደገና ከፈቱት። አንዱ መሰኪያ ባዶ ነው። ሌላው ላይ ያለችው ባለ አንድ ናት።

«ምናልባት ተቃጥሎ ይሆናል» አለች ረቲባ።

«ምናልባት።»

«ለጊዜው ይቺን ሰክቶልኝ፣ ረስቶት...»

ጋሽ በህጋት ምርኩዛቸውን አነሱ። «ሻዩን ሌላ ቀን እጠጣለሁ» ብለው ወረዱ።

ሱቁ ድረስ በእግሯ ሄደች። ወጊህ ከሁለት ደንበኞች ጋር ቆሟል፣ አንዱ ወጣት ባል ከሚስቱ ጋር ነው። እህቱን ሲያይ ፈገግ አለ።

«መጣች፣ የቫይረሶች እናት» አላቸው። «ደግሞ ምን አደረግሽው?»

ረቲባ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። «እዚህ ላይ ሁለት ይላል። ቤቴ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ሌላ ነው።»

ወረቀቱን አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ እሷን በኋላ ሲያንገበግባት የኖረው ይኼ ነው። ቢደነግጥ፣ ቢያፍር፣ እዚያው ይቅር ብላው ትመለስ ነበር።

«አዎ፣ ለአንድ ደንበኛ አስቸኳይ ሆኖብኝ ነው። ልመልሰው ነበር፣ ረሳሁት።»

«ሁለት ዓመት?»

«ሥራ ነው እቴ፣ ይረሳል።»

«ዓርብ ዓርብ ቤቴ ትመጣለህ። ኮምፒውተሩ እንዲህ ሆነ ስልህ ቫይረስ ነው ትለኛለህ። እጅሽ ነው ትለኛለህ። ረስተኸው ነው እንዲህ ያልከኝ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው አለ።»

«አልጮህኩም።»

እውነቷን ነው፣ አልጮኸችም። ባልና ሚስቱ ግን ወደ በሩ እያፈገፈጉ ነው። ወጊህ ያን ጊዜ ተቆጣ። «ጣት የምታህል ዕቃ! ለጣት የምታህል ዕቃ ደንበኛ ፊት ታዋርጂኛለሽ? ቆይ፣ አሳደግኩህ ልትዪ ነው አይደል? በይው፣ ይውጣልሽ። ስትቆጥሪ ነው የኖርሽው።»

ወጊህ ከባንኮኒው ሥር አንድ መሳቢያ ስቦ ከፈተ። መሳቢያው ሙሉ ሜሞሪ ነበር። እንደ ካርታ ተደርድረዋል፣ በላስቲክ ታስረዋል፣ ከሥር የተበተኑም አሉ። በእጁ ቧጠጥ አድርጎ ሁለት ወረወረላት። «ይኸው። ደስ አለሽ?»

እነዚያን ሁለቱን በመሐረቧ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ስለ ስርቆቱ አልነበረም የምታስበው። መሳቢያውን ነበር የምታስበው። መመለስ ምንም አይጎዳውም ነበር። ሲያስቅባት፣ ሱሐይላ ወረቀቷን ስትሰበስብ፣ ደረጃው ጭር ሲል፣ መሳቢያው እዚያው ሙሉ ነበር። ክንዱን ዘርግቶ ሁለት ፍሬ ማንሳት ብቻ ነበር። ሊጎዳት አስቦ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። እሱ ግን ጭራሽ አላሰባትም።

ቤቷ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች፤ የገላዋ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው፣ እንዳነበበችው፣ እጇን ብረቱ ላይ አሳረፈች። የመሰኪያውን ሁለት ጆሮ ገፋ ገፋ አድርጋ አሮጌዋን አወጣች፣ ሁለቱን ሰካች፣ ቀጭ እስኪሉ ተጫነቻቸው። አበራችው። ሻይ ልታፈላ ወደ ወጥ ቤት መንገድ ስትጀምር ተነስቶ ጠበቃት።

አንድ የፋብሪካውን የድሮ ደብዳቤ ፊቷ አድርጋ፣ ወንበሯን ስባ፣ ጀመረች። ፊደሎቹ ከጣቷ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። አንድ ቃል ጻፈች፣ ቆመች። ሁለተኛ ቃል ጻፈች፣ ቆመች። ኮምፒውተሩ ተከትሏታል፣ የሚያስቆማት የለም፣ እጇ ግን ይቆማል። በግድ አስሮጠችው። ጣቷ ተሳከረ፣ ፊደል ዘለለ፣ ፊደል ደገመ። እንደገና ከመጀመሪያው። በአራተኛው ቃል ላይ እጆቿ ብድግ ብለው ጭኗ ላይ መጥተው ተቀመጡ፣ ማንም ሳያዛቸው። ሁለት ዓመት መጠበቅ ተምረዋል። ሠላሳ ዓመት የተማሩትን ረስተው ይኼን ተምረዋል።

ወር ሙሉ በየቀኑ ተለማመደች። የተወሰነው ተመለሰ፣ ሁሉም አልተመለሰም። ለነገሩ ቢመለስም ለማን? ኮሌጁ አጠገብ ያሉት ልጆች አሉ፣ ተማሪውም ራሱ መጻፍ ጀምሯል።

ወጊህ አራት ወር አልመጣም። ለዘመድ ሁሉ ረቲባ ጣት ለምታህል ዕቃ ሱቁ ድረስ መጥታ ጉድ እንዳፈላች አወራ። አክስታቸው ደውላ «ወንድም ነው፣ ምን ይሆናል» አለቻት። ለዒድ አንድ ሳጥን ሐላዋ ይዞ መጣ፣ ልጆቹን አስቀደመ። ልጆቹ አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነሳም። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ መምጣቱ ቀጠለ። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚያሳየውን ቀልድ ግን ተወ፤ ያገኘችው ካሳ ቢኖር ይኸው ነው።

የሰፈሩ ሴቶች ረቲባ ኮምፒውተሯን ራሷ እንደጠገነች ሲሰሙ የየቤታቸውን እዪልን እያሉ ይጠሯት ጀመር። ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። አብሮ የሚነሳውን ትቀንሳለች፣ ዲስኩን ታራግፋለች፣ አቧራውን ትጠርጋለች። ብዙውን ጊዜ በዚህ ይበቃል። ከፎቋ በላይ የምትኖረው የሚድሐት እናት ልጇ ፈተና ደርሶበት ኮምፒውተሩ እንቢ ብሎት ጠራቻት። የተገዛው ከወጊህ ሱቅ ነው፣ ባለፈው ዓመት እሱው ጋ ጸድቶ ተመልሷል። ረቲባ ሳጥኑን ከፈተች። አንዱ መሰኪያ ባዶ ነው።

የባዶውን መሰኪያ አፍ በጣቷ ዳበሰችው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለቻት የሚድሐት እናት።

«አንድ ነገር ላልቶ ነው» አለች ረቲባ። «ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ።»

በማግሥቱ ከጡረታዋ ላይ፣ ከሌላ ሱቅ፣ ከከተማው ማዶ ሄዳ ሜሞሪ ገዛች። መጥታ ሰካችው። የሚድሐት እናት የኮምፒውተሩን መፍጠን አይታ እጇን ልትስማት ቀረበች። «ወንድምሽን እግዜር ይባርከው፣ እሱ ነው ያስተማረሽ አይደል?» አለቻት። ረቲባ ብሎኑን እያጠበቀች «አዎ» አለች።

ዓርብ ወጊህ ሞሎኪያውን እየበላ፣ «የሚድሐት እናት ኮምፒውተር ተበላሽቶባት ነበር አሉኝ። እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቃት።

«ፈጥኗል» አለችው።

ቀና ብሎ አላያትም። «ዳቦ አቀብዪኝ» አላት። አቀበለችው።